አረንጓዴው ከላይ ይዋል

ዑምኩልሱም ሃምሳ ዓመት አልፏት የምታውቀው ሁለት ገበያ ብቻ ነበር፤ የሐይቅንና የውጫሌን። ሦስተኛውን ገበያ ልጇ ኢቲሳም ከዱባይ ስትመለስ በስልኳ ይዛው መጣች። ይኼኛው አህያ የማይታሰርበት፣ አቧራ የማይነሣበት፣ ሻጭና ገዢ የማይተያዩበት ገበያ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ ከቀትር በኋላ ይዘጋል፤ በመካከሉ ስንቱ ሰው ሲሻሻጥበት ይውላል ቢባልም ድምፅ የሚባል ነገር አይሰማበትም። ዑምኩልሱም መጀመሪያ ሰሞን "ወሬ እንኳ የማይገኝበት ገበያ ምኑ ገበያ ነው" እያለች ታሾፍበት ነበር። የልጇ መሄድና መቅረት በእሱ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ከሰማች ወዲህ ግን ማሾፏን ተወች።

ኢቲሳም ዱባይ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ነው የኖረችው። ካገኘችው ገሚሱን ለእናቷ ቤት ቆርቆሮና ስሚንቶ ላከች፤ በቀረው የዚያው አገር ኩባንያዎች አክሲዮን ገዛች። አብራት የምትሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት በምሳ እረፍት ላይ የዋጋውን ሥዕል ማንበብ አስተማረቻት። ኢቲሳም ትምህርት ቤት እያለች ሒሳብ ሲባል ሆዷን የሚቆርጣት ልጅ ነበረች፤ ከዚህኛው ሒሳብ ጋር ግን ተዋደዱ። አንድ ጊዜ መስመሮቹን ዓይታ "ሊወርድ ነው" ብላ ገሚሱን ብትሸጥ በእርግጥም ወረደ፤ ፊሊፒናዊቷ ራሷ አልሸጠችም ነበርና ስታለቅስ ሰነበተች። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ሊወጣ ነው" ብላ ስትገዛ መስመሯ ጥቂት ቀን ሸንግላት ተመለሰች፤ ያኔ ያለቀሰችው ኢቲሳም ናት። እንዲህ እንዲህ እያለች ለመደችው።

ወደ አገሯ ስትመለስ ሐሳቧ አንድ ነበር። ሐይቁ ዳር፣ ከደሴ ዓሣ ሊበላ የሚወርደው ሰው ሁሉ አረፍ የሚልበት፣ ንጹሕ የዓሣ ቤት መክፈት። ጎረቤታቸው አያ ዋለ ጀልባ አለው፤ ቆሮሶ ዓሣውን በየማለዳው ላቀርብልሽ ብሏታል። ቦታውም ታይቷል። የጎደለው ማቀዝቀዣውና የቤቱ ዕቃ ነው። አክሲዮኑ ከፍ ካለ ሸጣ ትሞላዋለች። ካላለ ደግሞ ጓደኛዋ ሱረያ እዚያው ዱባይ፣ አዲስ ሆቴል ውስጥ፣ ከበፊቱ የተሻለ ሥራ አግኝታላታለች፤ "ትመጪያለሽ ወይስ ለሌላ ሰው ልስጠው?" እያለች በየቀኑ የድምፅ መልእክት ትልክላታለች።

አንድ ቀን እናትና ልጅ ደጃፍ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ዑምኩልሱም አላስችል አላት።

"እስቲ ይኼን ነገርሽን አሳይኝ፤ እንዲህ አፍጥጠሽ የምትውይበት ምን ቢኖርበት ነው?"

ኢቲሳም ስልኳን ከሰፌዱ በላይ ያዘችላት።

"ይኸውልሽ እማ። ይኼ እየዘለለ የሚሄደው የየቀኑ ዋጋ ነው፤ እሱን ተይው፣ ሰው ያሳብዳል። ይቺ ቀይዋ መስመር የቅርቡ አማካይ ናት፤ የሃምሳ ቀን ዋጋ ተደምሮ፣ ተካፍሎ። አረንጓዴዋ የሩቁ ናት፤ የሁለት መቶ ቀን። አሁን ቀይዋ ከታች ናት፣ አየሻት? ከዚህ ተነሥታ አረንጓዴዋን አቋርጣ ወደ ላይ ካለፈች ገበያው ፊቱን ወደ ላይ አዞረ ማለት ነው። ያኔ ትንሽ ጠብቄ እሸጣለሁ፤ የዓሣ ቤቱም ተከፈተ ማለት ነው።"

"ካላለፈችስ?"

"ካላለፈች ለሱረያ እሺ እላታለኋ" አለች ኢቲሳም፤ ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አንሥታ እየጣለች። "ሰው በስሜቱ ከወሰነ ይሳሳታል፣ እማ። መስመር ስሜት የለውም።"

ዑምኩልሱም ሰፌዱን አንገዋለለችው። ልትል የፈለገችው ሌላ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን "ታዲያ በቀይ ከምታደርጊው ምነው ሌላ ቀለም ጠፋ?" የሚል ሆነ።

"እንዲታየኝ ብዬ ነዋ!" አለች ልጅቷ እየሳቀች።

ከሁሉ ዑምኩልሱም የወደደችው ከሥር ብቻዋን የምትጓዘውን ሦስተኛዋን መስመር ነው። ሰው አክሲዮኑን ተሻምቶ ከገዛው ትወጣለች፤ ተሯሩጦ ከሸጠው ትወርዳለች። ኢቲሳም "ስትወጣ ገበያው ጠግቧል፣ ስትወርድ ርቦታል ማለት ነው" ብላ አስረዳቻት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሲቀርብ የዑምኩልሱም ጥያቄ አንድ ነው፤ "ገበያሽ እንዴት አደረ? ጠግቧል ርቦታል?" ርቦታል ከተባለች ደስ ይላታል። የራበው ይበላል፣ የበላ ይወፍራል የሚል የራሷ ስሌት አላት፤ ኢቲሳምም ስሌቷን አላረመችባትም።

አሁን "እናት አይደለችም ወይ፣ ምናለ ቅሪ ብትላት?" የሚል ይኖራል። ይባል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ዑምኩልሱም ያቺን ቃል አንድ ጊዜ ተናግራት ዋጋዋን አግኝታለች። የበኩር ልጇ ኡስማን ለሪያድ ሻንጣውን አስሮ ሳለ እግሩ ላይ ወድቃ አስቀረችው። ቀረላትም። ዛሬ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ጎማ በተነፈሰበት፣ ቤንዚን በጠፋበት፣ ትራፊክ ባስቆመው ቁጥር "ይኼኔ ሪያድ ነበርኩ" ይላል። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ እየሳቀ ነው የሚለው። እናቱ ግን አንድም ቀን አብራው ስቃ አታውቅም። ከእንግዲህ የልጄን ሲሳይ በምላሴ አልዘጋም ብላ ለራሷ ማለች። ስለዚህ ኢቲሳም "እማ፣ አንቺ ምን ትመክሪኛለሽ?" ባለቻት ቁጥር መልሷ "አላህ ኸይር ያለው ይሁን" ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ይህን ተረት ዑምኩልሱም ከሚገባው በላይ አምናዋለች።

ቀይዋ መስመር ታዲያ ክረምቱ ሊገባ ሲል መነሣት ጀመረች። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። ኢቲሳም ማታ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ስልኩን ለእናቷ ታሳያታለች፤ ዑምኩልሱም ዓይኗን አጥብባ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት በጣቷ ትለካለች። ትናንት አንድ ጣት ካስገባ ዛሬ ጥፍር ብቻ ያስገባል። ኔትወርክ የጠፋ ዕለት አያያዟ ሌላ ነው፤ ምጣድ ታጋጫለች፣ ዶሮ ታባርራለች። ኡስማን ይህን እያየ መቼም አይተውም፤

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" ይላል።

"አንተ ዝም በል፤ ላሟ እየወረደች ነው!" ትለዋለች እናቱ ተቆጥታ።

ላሟ ግን መውረዱን ትንሽ ሲቀራት አቆመች። ቀይዋ ከአረንጓዴዋ ሥር ደርሳ፣ ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው፣ ደከማትና ቆመች። የዚያኑ ሰሞን ሱረያ ቁርጡን ላከች። የሆቴሉ ሰዎች መጠበቅ በቃን ብለዋል፤ እስከሚመጣው ሳምንት ጁምዓ ኢቲሳም መልስ ካልሰጠች ሥራው ለሌላ ነው። ኢቲሳም "እንግዲህ እስከ ጁምዓ እናያለን" አለች። ዑምኩልሱም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ሲነጋም እማ ሀጀራን አሰበች።

እማ ሀጀራ ከውጫሌ ወዲህ፣ በር ሲከፈት የአምባሰል ተራራ ፊት ለፊት ከሚታይበት መንደር የሚኖሩ፣ ምርቃታቸው የሚፈለግ ዱበርቲ ናቸው። ዱዓቸው መሬት ጠብ አይልም ይባላል። የጠፋ በሬ የተገኘለት፣ ልጅ አልይዝ ያላት ኋላ መንታ የወለደች፣ ቪዛ የተመታለት ሁሉ ስማቸውን ሳያነሣ አይውልም። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ እሳቸው ቤት ይሰበሰቡና ወዳጃ ይቀመጣሉ፤ ችግር ያለበት ችግሩን ያወጣል፣ እሳቸው ይመርቃሉ፣ ጀማዓው አሚን ይላል።

ሐሙስ ሲደርስ ዑምኩልሱም ለወዳጃው ጫቷንና ስኳሯን አንጠልጥላ ሚኒባስ ተሳፈረች። ለኢቲሳም "እማ ሀጀራን ልዘይራቸው" አለቻት እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም።

ተራዋ ሲደርስ እማ ሀጀራ "ሐጃሽ ምንድነው፣ ልጄ?" አሏት።

"ልጄ ናት፣ እማ ሀጀራ። ሁለት መስመር አሏት።"

"የመሬት ነው? ወሰን ገፏት?"

"ኸረ አይደለም። ስልክ ውስጥ ነው ያለው፤ የገበያ መስመር ነው። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ አረንጓዴ ነው። መሄድ መቅረቷ የሚታወቀው በሱ ነው። በሁለቱ መካከል ቀርታለች እኮ፣ እማ ሀጀራ! ትንሽ ነው የቀራት።"

"ኸይር፣ ኸይር። አብሽሪ፤ ገብቶኛል" አሉ እማ ሀጀራ።

አልገባቸውም ነበር። ዑምኩልሱምም እንዳልገባቸው ፊታቸውን ዓይታ ዐወቀች። "ከላይ መሆን ያለበት ቀዩ ነው" ልትል አፏን ስትከፍት ግን እማ ሀጀራ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል። እጅ ከተነሣ ደግሞ አበቃ። ምርቃት መካከል ቃል የሚያስገባ ሰው በዚያ አገር ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም እናቱ ዝም ታሰኘዋለች።

"ያረቢ! አረንጓዴውን ከላይ አውለው!" አሉ እማ ሀጀራ።

"አሚን!" አለ ጀማዓው።

"አረንጓዴ የዝናብ ነው፣ አረንጓዴ የአዝመራ ነው፤ ከላይ ይዋል፣ ከላይ ይደር!"

"አሚን!"

"ቀዩን ከሥር አድርገው! ቀይ የቁጣ ነው፣ ቀይ የእሳት ነው፤ ከአረንጓዴው አይድረስ!"

"አሚን!"

ዑምኩልሱም ዞር ዞር ብላ አየች። ግራ ቀኟ የተቀመጡት ሴቶች ለእሷ ልጅ ብለው፣ ከልባቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀዩን ወደ ታች እየገፉላት ነው። እሷ ብቻ ዝም ብትል ምን ይሏታል? ደግሞስ በገዛ ሐጃዋ አሚን የማይል ሰው ማን ዓይቶ ያውቃል? ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። መጀመሪያ በከንፈሯ ብቻ ነበር፤ እየቆየ ድምፅም ወጣው።

"የመጣችውን አታስመልጥ! የገባችውን አታስወጣ!" ብለው እማ ሀጀራ ሲጨርሱ ግን "አሚን!" ያለችው ከሁሉ በላይ ጮኻ ነው፤ ጎኗ የተቀመጠችው ሴት እስክትደነግጥ።

ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ ከአላህ ጋር መከራከር ያዘች። ያረቢ፣ አንተ ልብ ታያለህ፤ ቀዩን ነው ያልኩት። እማ ሀጀራ አላወቁም፤ አሮጊት ናቸው፣ ስልክ የላቸውም። ጀማዓውም አያውቅም። እኔ ደግሞ አሚን ያልኩት ይሉኝታ ይዞኝ ነው። እንዲህ እያለች ስትንሾካሾክ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ከእሱ ጋር የምታወራ መስሎት ሁለት ጊዜ "አቤት?" አላት። ቤቷ ስትደርስ ትንሽ ቀልሏት ነበር። ዱዓ እንጂ የመብራት ቆጣሪ አይደለም፤ አላህ ቀለም አይምታታበትም ብላ ራሷን አጽናናች።

ሰኞ ገበያው ተከፈተና ወረደ። ማክሰኞም ወረደ። ዱባይ ያለ አንድ ትልቅ ኩባንያ ያልታሰበ ኪሳራ ተናግሮ ነው አሉ፤ ሰው ሁሉ ተሯሩጦ ሸጠ። ቀይዋ መስመር ከአረንጓዴዋ ሥር አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ኢቲሳም ስልኩን ለእናቷ አሳየቻት፤ ጣት ያስገባል።

"ርቦት ነው?" አለች ዑምኩልሱም።

"በጣም ርቦታል። ግን ለኛ አልደረሰም" አለች ኢቲሳም።

ዑምኩልሱም ወደ ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። ኩባንያ የከሰረው እዚያ ማዶ ነው ቢሉ አትሰማም። ያን ሁሉ ወር ሲወጣ የነበረ መስመር በሐሙስ ተመርቆበት በሰኞ ከወረደ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ልጄን በገዛ አፌ ሸኘኋት አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንድን አሚን በምን መልሰው ይውጡታል? ከየሰላቱ በኋላ እጇን ዘርግታ "ቀዩን ነው፣ ያረቢ፤ ቀዩን" ትላለች። ጠዋት ቁርስ ስታቀርብም ስለ ገበያው መጠየቅ ተወች። ኡስማን እንኳ ተረቱን አቆመ፤ እናቱ ፊቷ እንዲህ ሲጠቁር ዓይቶ አያውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኢቲሳም ሻንጣዋን ከቁምሳጥኑ ላይ አውርዳ አቧራውን ጠረገችውና ወደ ሐይቁ ወረደች። ለአያ ዋለ የዓሣውን ነገር እንዲተወው ልትነግረው ነው። ዑምኩልሱም ሻንጣውን ዓይታ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተከተለቻት። ስትደርስ ነገሩ ተነግሮ አልቋል። አያ ዋለ "ምን ይደረግ እንግዲህ፣ እንደፈለግሽ፤ ወላዲተ አምላክ ትከተልሽ" ብሎ ወደ ጀልባው ተመልሶ መረቡን ያፍታታል። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ ከማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ውኃው ላይ ጥላቸውን ጥለዋል። ኢቲሳም ለዓሣ ቤቱ የታሰበው ቦታ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

ዑምኩልሱም አጠገቧ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ቀዩን ያወረድኩት።"

ኢቲሳም ዞራ አየቻት። ዑምኩልሱም ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጫቱን፣ ስኳሩን፣ የእማ ሀጀራን እጅ፣ አረንጓዴው ከላይ ይዋል ያሉትን፣ የራሷን አሚን። ኢቲሳም መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ አልቻለችም፤ ሳቋ ፈነዳ። እንባዋ እስኪወርድ፣ ሆዷን ይዛ፣ ወደ ጎን እስክትንጋደድ ሳቀች።

"የዱባይ ነጋዴ በሙሉ እኮ ይኼን ቢሰማ አምባሰል ድረስ መጥቶ ይከሳችኋል! አንድ ቤት ሙሉ ሴት ቁጭ ብላ ገበያውን ቁልቁል—" መጨረስ አቅቷት እንደገና ሳቀች።

እናቷ አልሳቀችም። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ኢቲሳም አየቻትና ሳቋ ቆመ።

"ኸረ እማ! ከልብሽ ነው እንዴ? መስመሯ እኮ ዱዓም አትሰማ፣ እርግማንም አትሰማ። ያለፈውን ዋጋ ደምራ ስታካፍል ነው የምትውለው። ነገን አታውቅም።"

"አታውቅም?"

"ከየት ታውቃለች? ትገምታለች ብለን እኛ እንገምታለን እንጂ። ስንት ጊዜ ሸውዳኛለች።"

"ይኼን ታውቂያለሽ?"

"አሳምሬ።"

"እያወቅሽ ነው እንዴ" አለች ዑምኩልሱም ቀስ ብላ፣ "መሄድ መቅረትሽን ለሷ የሰጠሻት?"

ኢቲሳም ጠጠር አንሥታ ውኃው ውስጥ ጣለች።

"ለማን ልስጠው ታዲያ? ኡስማንን ስጠይቀው እንደፈለግሽ። አያ ዋለ እንደፈለግሽ። አንቺን ስጠይቅሽ አላህ ኸይር ያለው ይሁን። እማ፣ ሁሉም ሰው እንደፈለግሽ ሲልሽ እኮ የሚፈልግሽ ያለ አይመስልሽም። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ሰው ቅሪ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ሲጠፋ ወደ መስመር ዞርኩ።"

ዑምኩልሱም ይህችን ልጅ ያየችበት ቀን ሁሉ፣ ስልኳ ላይ ስታፈጥ፣ ቀለም ስትመርጥ፣ "ምን ትመክሪኛለሽ" ስትል ያየቻት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት። ሁለቱም አንድ ቤት እየበሉ እያደሩ አንዲት ቃል ተጠባብቀው ነው የከረሙት።

"ኡስማንን ቅሪ... ቅር ብዬው እኮ ነው" አለች ምላሷ እየተሳሰረ። "የሚለው ነገር እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ነው። አንቺስ? ነገ ዓሣው አልሸጥ ቢል፣ ማቀዝቀዣው ቢበላሽ፣ ይኼኔ ዱባይ ነበርኩ ብትዪኝ ምን ልልሽ ነው?"

"እላለኋ!" አለች ኢቲሳም። "ወላሂ እላለሁ። በተናደድኩ ቁጥር እላለሁ። አንቺም ትሰሚኛለሽ፣ ከዚያ ምሳ እንበላለን።"

"ማቀዝቀዣውስ በምን ይገዛል?"

"የአያ ዋለ ዓሣ በየማለዳው ይመጣል፣ በየቀኑ ይጠበሳል። የተረፈ አናሳድርም፤ ዕቃም ከቤት ያለው ለመጀመሪያ ይበቃል። ማቀዝቀዣው ገበያው ሲጠግብ ይደርሳል፤ እስከዚያ አክሲዮኑን አልሸጥም። እሱን ተይው፣ እማ። እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።"

ዑምኩልሱም አፏን ከፈተች። ቃሏ ትንሽ ናት፤ የሁለት ፊደል። ግን ስንት ወር ታፍና ኖራ ስትወጣ ሰው የማይሰማው ሆነች።

"አልሰማሁሽም" አለች ኢቲሳም።

"ቅሪ!" አለች ዑምኩልሱም። ይህኛው አያ ዋለንም ከመረቡ ቀና አደረገው። "ቅሪልኝ፣ ልጄ! ቢወጣም ቅሪ፣ ቢወርድም ቅሪ። ያንቺን መሄድ አልፈልግም። አልፈልግም አልኩሽ!"

ኢቲሳም እናቷ ትከሻ ላይ ተደፋች። አሁን እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም፤ ዑምኩልሱምም ለመለየት አልሞከረችም፤ ጭንቅላቷን በነጠላዋ ሸፍና ያዘቻት። ከዚያ ኢቲሳም ቀና አለች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። የገበያውን ሥዕል አልከፈተችም። ወደ አፏ አስጠግታ መናገር ጀመረች።

"ሱረያ፣ የኔ እህት፣ አላህ ይስጥሽ፤ ሥራውን ለሌላ ሰው ስጪው" አለች። "እናቴ ቅሪ ብላኛለች።"